አንቷን ዳባዲ እና የቆባር ጥያቄ

ከቢቸናም ሆነ ከሞጣ ወጣ ብሎ ወደ ዓባይ ሸለቆ ለሚመለከት ሰው፣ በበጋው ማብቂያ ማዶው ተራራ ከስፍራው የጠፋ እስኪመስል አየሩ የሚደበዝዝበት ጊዜ አለ። ጉም እንዳይባል እርጥበት የለውም፤ ስሙ ቆባር ነው። ይህን የአገር ቃል ለአውሮጳ የአየር ጠባይ ጥናት ያስተዋወቀው አንቷን ዳባዲ ነው።

ዳባዲ እ.ኤ.አ. በ1810 በደብሊን ተወልዶ በፈረንሳይ አደገ። በ1838 ከወንድሙ ከአርኖ ጋር ምጽዋ ገባ፤ በመካከሉ ወጣ ገባ እያለም እስከ 1848 ድረስ በኢትዮጵያ ቆየ። ዋና ሥራው ከፍታ ላይ ወጥቶ፣ ቴዎዶላይቱን አቁሞ፣ የሩቅ ጫፎችን ማዕዘን መለካት ነበር። ከ1860 እስከ 1873 በታተመው የጂኦዴዚ ሥራው ከ800 በላይ ቦታዎች ተወስነዋል። ጫፉ ካልታየ ማዕዘኑ አይለካምና፣ ቆባር ለእርሱ የመንገድ ትዝብት ብቻ ሳይሆን የሥራ መሰናክል ነበር።

ስሕተት አላጣውም። የነጭ ዓባይን ምንጭ በጊቤ አካባቢ አገኘሁ ማለቱ ውድቅ ሆኗል። ጎጃምን ያጠናው እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክም የከፋ ጉዞውን ሳይቀር ተጠራጥሮ፣ ከፓሪስ የጂኦግራፊ ማኅበር የተሰጠውን ሜዳልያ በመቃወም መልሷል። በማዕዘን ልኬቱ ግን ዳባዲ ጠንቃቃ ነበር፤ በእኔ ግምት ስለ ቆባር የሰጠው ምስክርነት ክብደት የሚያገኘውም ከዚሁ ነው።

ያላገኘው መሣሪያ ዛሬ በሜትዮሳት ሳተላይት ላይ አለ። የማዕድን አቧራ በታሕተ ቀይ ጨረር በ10.8 ማይክሮ ሜትር አካባቢ ከ12.0 ይልቅ አብዝቶ ይመጥጣል፤ ስለዚህ የሁለቱ የብሩህነት ሙቀት ልዩነት ብዙውን ጊዜ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ቀጭን የበረዶ ደመና ተቃራኒውን ያሳያል። ነገር ግን አቧራውና ከሥሩ ያለው መሬት በሙቀት ከተቀራረቡ ምልክቱ ይደክማል፤ እንደ ጮቄ ባለ ቀዝቃዛ ከፍታ ላይ ይህ ቀላል ችግር አይደለም። የማሳ ቃጠሎ ጢስ ደግሞ ቅንጣቱ ደቃቅ ስለሆነ በዚህ ጨረር እምብዛም አይታይም። ለዳባዲ ዓይን ግን ጢሱም አቧራውም አንድ መጋረጃ ነበር። ቆባር ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ፣ ወይም በየትኛው ወር የትኛው እንደሚበዛ፣ በምሥራቅ ጎጃም ሊለካ የሚገባው ይኸው ነው።

ዳባዲ በ1881 የአማርኛ መዝገበ ቃላቱን አሳተመ፤ በ1892 የፈረንሳይ ሳይንስ አካዳሚ ፕሬዚዳንት ሆነ። በ1897 በፓሪስ ሲሞት፣ በሄንዳዬ ያሠራውን ቤተ መንግሥት መሰል ቤትና የከዋክብት መመልከቻ ለአካዳሚው ተናዝዞ ነበር።