የመነኩሴው የሙሶ ሶሴኪ ታሪክ
ዛሬ የጃፓኑን መነኩሴ የሙሶ ሶሴኪን ታሪክ ይዤላችሁ መጥቻለሁ። ሙሶ በ1275 እ.ኤ.አ. ተወልዶ በልጅነቱ የቡድሃ መነኩሴ ሆነ። በዘመኑ አሺካጋ ታካውጂ የሚባል የጦር መሪ ንጉሠ ነገሥት ጎዳይጎን ወግቶ ሥልጣኑን ወሰደበት። ንጉሡ በ1339 ሲሞት ግን ታካውጂ የሙሶን ምክር ሰምቶ ኪዮቶ ውስጥ ለነፍሱ ቴንርዩጂ የሚባል ቤተ መቅደስ አሠራለት። ገንዘብ ሲያጥር መርከብ ወደ ቻይና ለንግድ ተላከ። ሙሶ ደግሞ ኩሬና የአትክልት ቦታ አሰናዳ። በ1351 ሞተ። ሕንፃዎቹ ስንቴ ተቃጠሉ፣ ኩሬው ግን አሁንም አለ! ፎቶ አንሺዎች አንዴ ለአበባው፣ አንዴ ለቀዩ ቅጠል፣ አንዴ ለበረዶው ይመላለሳሉ። እኔን የገረመኝ ያ ሁሉ ውበት ለተጣሉት ሰው መታሰቢያ መሆኑ ነው። እኛ እኮ በእርሳስ እንኮራረፋለን!