ኒውዮርክ ያደመጠቻቸው፣ አዲስ አበባ ፋታ የነፈገቻቸው ልጅ እንዳልካቸው መኮንን

በየዓመቱ ኅዳር 14 ሲደርስ የ60ዎቹ ባለሥልጣናት ፎቶ በየገጹ ይዞራል። አብዛኞቻችን አየት አድርገን እናልፈዋለን። ዛሬ ከእነዚያ ፊቶች አንዱ ላይ ቆም እንበል። ልጅ እንዳልካቸው መኮንን የዓለም ትልቁን የዲፕሎማሲ ወንበር ለመያዝ ተወዳድረው ነበር፤ አገራቸውን በጠቅላይ ሚኒስትርነት የመሩት ግን አምስት ወር እንኳ ላልሞላ ጊዜ ነው።

ያደጉት ሥልጣን ባለበት ቤት ነው። አባታቸው ራስ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩ፣ በድርሰታቸውም የሚታወቁ ሰው ናቸው። ልጃቸው እንግሊዝ አገር ኦክስፎርድ ተማሩ። በለንደን አምባሳደር፣ ቀጥሎ የንግድና ኢንዱስትሪ ሚኒስትር ሆኑ። ከዚያም በተባበሩት መንግሥታት የኢትዮጵያ ቋሚ መልዕክተኛ ሆነው ኒውዮርክ ሄዱ።

ጊዜው ከባድ ነበር። ኢትዮጵያ ከ1959 ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ ለሁለት ዓመት የጸጥታው ምክር ቤት አባል ነበረች። ወንበሩን በያዘች በጥቂት ወራት ውስጥ እስራኤልና የዓረብ አገሮች የተዋጉበት የስድስቱ ቀን ጦርነት ፈነዳ። ኢትዮጵያ ደግሞ የእስራኤል ወዳጅ፣ የዓረቦች ጎረቤት ናት። ለማን ታድላ? ወራት ከፈጀ ክርክር በኋላ፣ ኅዳር 1960 ላይ፣ 15ቱም አባላት ውሳኔ ቁጥር 242ን በሙሉ ድምፅ አጸደቁ። እስራኤል በጦርነቱ ከያዘቻቸው ግዛቶች እንድትወጣ፣ የአካባቢው አገር ሁሉ በሰላም የመኖር መብቱ እንዲከበር የሚጠይቀው ውሳኔ ነው። በዚያ ሁሉ ክርክር የኢትዮጵያ ድምፅ ልጅ እንዳልካቸው ነበሩ።

ስማቸው ገነነ። በ1964 ዓ.ም. ዋና ጸሐፊው ዩ ታንት ሲሰናበቱ፣ ልጅ እንዳልካቸው ለቦታው ከቀረቡት ዕጩዎች አንዱ ሆኑ። ያሸነፉት ኦስትሪያዊው ኩርት ቫልድሃይም ናቸው። ከአፍሪካ የመጀመሪያው ዋና ጸሐፊ፣ ግብፃዊው ቡትሮስ ቡትሮስ ጋሊ፣ ሥራ የጀመሩት ከ20 ዓመት በኋላ ነው።

እሳቸው ያኔ አዲስ አበባ ተመልሰው የመገናኛ ሚኒስትር ነበሩ። ከዚያ 1966 መጣ። ወሎ በረሃብ አለቀ። ወታደሩ ነገሌ ቦረና ላይ አመጸ፤ አመጹ አስመራም ደረሰ። ቤንዚን ተወደደና ታክሲዎች ቆሙ። መምህራን ሥራ አቆሙ፣ ተማሪው አደባባይ ወጣ። የአክሊሉ ሀብተወልድ ካቢኔ ሥልጣኑን ለቀቀ። የካቲት 21 ቀን ንጉሡ ልጅ እንዳልካቸውን ጠቅላይ ሚኒስትር አድርገው ሾሙ።

አዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትር ለሕዝቡ ያቀረቡት ልመና አንድ ነበር፦ ፋታ። ጊዜ ስጡንና ሕገ መንግሥቱን እናሻሽል፣ አገሩን እናስተካክል ነው ነገሩ። ተማሪው ግን አላመናቸውም። የራስ መኮንን ልጅ ናቸው፣ የተሾሙትም በዚያው በቤተ መንግሥቱ ነው። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይባል የለ? ሠራተኛው አገር አቀፍ አድማ መታ። ሙስሊሞች የእኩልነት ጥያቄ ይዘው አዲስ አበባን በሰልፍ አጥለቀለቁት። ሰኔ ላይ ደግሞ ደርግ ተቋቋመ።

እኛ ታሪካቸውን ስናይ የሚገርመን ይህ ነው። ኒውዮርክ ያወቁት ሥራ ማዳመጥ፣ ቃል መምረጥና መጠበቅን ይጠይቃል። አንድ ዐረፍተ ነገር ላይ ወራት መከራከር ይቻላል። ረሃብ ያየ አገር ግን ያን ያህል አይጠብቅም። ፋታው መጠየቅ የነበረበት ከዓመታት በፊት ነው፤ ያኔ ደግሞ እሳቸውም የዚያው መንግሥት ሚኒስትር ነበሩ። እዚህ ላይ ከነቀፋ አያመልጡም። አክሊሉና ሌሎቹ የቀድሞ ሚኒስትሮች የታሰሩትም በእሳቸው የጠቅላይ ሚኒስትርነት ዘመን ነው።

ሐምሌ 15 ቀን ከሥልጣን ወረዱ፤ ብዙም ሳይቆይ ራሳቸውም ታሰሩ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት፣ ገና ሃምሳ ዓመት ሳይሞላቸው፣ ከርቸሌ ውስጥ ተረሸኑ። የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉም እዚያው ሌሊት አብረዋቸው ተገደሉ። ውሳኔ 242 ከጸደቀ ሰባት ዓመቱ ነበር። ከደርግ ውድቀት በኋላ አፅማቸው ከጅምላ መቃብር ወጥቶ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አረፈ።

የባለሥልጣናቱን ጉዳይ የሚያጣራ መርማሪ ኮሚሽን ያኔ ሥራ ላይ ነበር። ሥራውን ሳይጨርስ፣ ፍርድ ቤት ሳይሰማቸው ተገደሉ። ጥፋታቸው ምን ያህል ነበር? የትኛው የእሳቸው፣ የትኛውስ የሥርዓቱ? ይህን ሊነግረን የሚችለው ችሎት ሳይሰየም ቀረ። ያለ ፍርድ የተገደለ ሰው ለደጋፊውም ለነቃፊውም መልስ ሳይሰጥ ነው የሚሄደው።

እስቲ ቤታችሁ ያኔ ወጣት የነበሩ አያት ወይም አጎት ካሉ ስለዚያ የካቲት ጠይቋቸው። ፋታ ይሰጣቸው ከሚሉት ነበሩ ወይስ ይውረዱ ከሚሉት?