ቃልን ከቅጥያ የለዩ መምህር፦ አባ ጎርጎርዮስ

አባ ጎርጎርዮስ የተወለዱት በ16ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ገደማ፣ በአማራ ምድር፣ መካነ ሥላሴ ነው። ከኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን ጋር ይቀራረቡ ስለ ነበር፣ ዐፄ ፋሲል ሚሲዮናውያኑን ሲያስወጡ እሳቸውም አገር ለቀው ኋላ ሮማ ገቡ።

በ1649 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ኢዮብ ሉዶልፍ የሚባል ወጣት ጀርመናዊ እሳቸው ዘንድ መጣ። ግዕዝን ከመጽሐፍ ተምሯል እንጂ አፍ አልፈታበትም። በ1652 የጎታው መስፍን ኤርንስት አባን ወደ ጀርመን ጋበዟቸው። እዚያ ሉዶልፍ ይጠይቃል፣ እሳቸው ያስረዳሉ። ግዕዙን ብቻ ሳይሆን አማርኛውንም ያገኘው ከእሳቸው ነው። መዝገበ ቃላት የሚያዘጋጅ ሰው ቃሉን ከቅጥያው መለየት አለበትና፣ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው የግድ ያስፈልገው ነበር።

አባ ጎርጎርዮስ በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው ተሰብሮ ሕይወታቸው አለፈ። የግዕዙ መዝገበ ቃላት በ1661፣ የአማርኛው በ1698 ታተመ። አንዱንም አላዩም።

ታዲያ ዛሬ ይህን ሥራ ኮምፒዩተር አይሠራውም ወይ? በከፊል ይሠራዋል። ሬጉላር ኤክስፕሬሽን የሚባል፣ ሊቁ ስቲቨን ክሌኒ በ1951 መሠረቱን የጣሉለት የንድፍ አጻጻፍ አለ። ማሽኑን [፡።] በሚለው ንድፍ ቁረጥ ቢሉት፣ በሁለት ነጥብ የተጻፈውን ገጽ በቅጽበት ቃል በቃል ይከፍለዋል። ^ለ(.+) ቢሉት ደግሞ፣ ^ የቃሉን መጀመሪያ፣ ነጥቧ ማንኛውንም ፊደል፣ + አንድና ከዚያ በላይ መሆኑን ያመለክታሉ፤ በቅንፍ የታቀፈው ተለይቶ ይወጣል። ስለዚህ ከ«ለልጅ» «ልጅ»ን ያወጣል።

ግን ሰፈራችንን «ለቡ»ን ስጡት፤ «ለ»ን መስተዋድድ አድርጎ «ቡ» ብሎ ቁጭ ይላል! «በላ»ንም በ«በ» ንድፍ «ላ» ያደርገዋል። «ባገር» ላይ ደግሞ «በ»ን ፈልግ ቢሉት አያገኝም፤ «በ» ከ«አ» ጋር ተዋሕዶ «ባ» ሆኗላ። ንድፉ የሚያየው የፊደሉን መልክ ነው፤ ትርጉሙን የሚያውቅ ሰው ካልታከለበት እንደዚህ ይስታል።

ዕጩ መምህራን፣ ክፍል ስትገቡ ይህንን መልመጃ ስጡ፦ ተማሪዎች በ«ለ»፣ በ«በ»ና በ«ከ» የሚጀምሩ ቃላት ይሰብስቡ፤ ፊደሉ መስተዋድድ የሆነበትንና ያልሆነበትን ለይተው ምክንያቱን ይናገሩ። አባ ጎርጎርዮስ ለሉዶልፍ ያደረጉለት ይህንኑ የመሰለ ሥራ ነበር፤ ኮምፒዩተር ለሚያስተምሩትም ዛሬ የሚያስፈልገው እሱው ነው።