ዘር ከልጓም ይስባል፤ ቫቪሎቭና የእኛ ገብስ

የምኖረው ሲያትል ነው። እንጀራዬ ደግሞ ዲኤንኤ ማንበቢያ መሣሪያዎች የሚያጎርፉትን ፊደል በኮምፒውተር ማበጠር ነው። አንድ ቀን የዓሣ፣ ሌላ ቀን የባክቴሪያ፣ አንዳንዴም የእህል ጂኖም ይደርሰኛል። ከተማዋም ለዚህ ሥራ እንግዳ አይደለችም፤ በ2003 እ.ኤ.አ. በተጠናቀቀው የሰው ልጅ ጂኖም ፕሮጀክት ላይ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲም ተሳትፏል።

ታዲያ በቅርቡ የገብስ ናሙናዎች ዝርዝር ከፍቼ ሳይ፣ የመነሻ አገር በሚለው አምድ ሥር ኢትዮጵያ፣ ኢትዮጵያ፣ ኢትዮጵያ ይላል። ደስም አለኝ፣ ከነከነኝም። የገበሬው ስም የለም፣ የቀበሌው ስም የለም። ዘራችንን ለዓለም ያስተዋወቀው ሰው ትዝ ያለኝ ያኔ ነው፦ ኒኮላይ ቫቪሎቭ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቫቪሎቭ በ1887 ሞስኮ ውስጥ ተወለደ። የነጋዴ ልጅ ቢሆንም ንግዱን ትቶ እርሻ ተማረ። በ1913 እንግሊዝ አገር ሄዶ ያኔ ገና ዳዴ ይል የነበረውን የዘር ውርስ ሳይንስ ከዊልያም ቤትሰን ዘንድ ቀሰመ። አገሩ ሩሲያ በተደጋጋሚ በረሃብ ስትመታ ያየ ሰው ነውና ሕልሙ አንድ ነበር፤ የዓለምን የእህል ዘር ሰብስቦ፣ ድርቅንም በሽታንም የሚችል አዝመራ ማውጣት።

በ1920 አንድ ሐሳብ ይዞ ብቅ አለ። የሚዛመዱ ዕፅዋት ተመሳሳይ የባሕርይ ልዩነቶችን በየፊናቸው ያሳያሉ አለ። አንዱ ላይ የታየ ነገር ዘመዱም ላይ ሊገኝ ይችላልና ፈልጉት ማለቱ ነው። ጂን ከምን እንደተሠራ እንኳን በማይታወቅበት ዘመን ይህን ማሰብ ቀላል አልነበረም።

ከ1926 ማብቂያ እስከ 1927 ወደ እኛ አገር መጣ። አዲስ አበባ ላይ ከራስ ተፈሪ ጋር ተገናኘ። ከዚያ በበቅሎ ቅፍለት ወደ ሰሜን አቀና፤ ጎንደርን፣ አክሱምን አልፎ አስመራ ገባ። በየመንገዱ ገብሱን፣ ስንዴውን፣ ጤፉን፣ ኑጉን ሰበሰበ። ይኖራል ብሎ የጠበቀውን፣ ዛላው ጢም የሌለው የማካሮኒ ስንዴም እዚሁ አገኘ። ኢትዮጵያን ከዓለም የእህል መገኛ ማዕከላት አንዷ አድርጎ መደባት።

መጨረሻው ግን አላማረም። ስታሊን የዘር ውርስ ሳይንስን የካደውን ሊሴንኮን አቀፈ፤ ቫቪሎቭ አልታጠፈም። በነሐሴ 1940 ዘር ፍለጋ ዩክሬን በወጣበት ተያዘ። ሞት ተፈረደበት፤ ወደ ሃያ ዓመት እስር ተለወጠለት። በጥር 1943፣ በ55 ዓመቱ፣ በወጣትነቱ ፕሮፌሰር ሆኖ ባስተማረባት በሳራቶቭ ከተማ እስር ቤት ውስጥ ሞተ። ረሃብን ላጥፋ ያለ ሰው በረሃብ ተጎድቶ አለቀ። ሌኒንግራድ በተከበበችበት ጊዜም የሥራ ባልደረቦቹ በእህል ናሙና ተከበው በረሃብ ሞቱ እንጂ ዘሩን አልበሉትም። እኛም ዘር አይበላም እያልን ነው ያደግነው፤ ግን እንዲህ ድረስ የሄደ ስንት አለ?

እንግዲህ የዛሬው ጂኖም ምን አለ? የሰው ጂኖም ሦስት ቢሊዮን ያህል ፊደል ነው፤ የዳቦ ስንዴ አሥራ ስድስት ቢሊዮን ገደማ፤ የጤፍ ደግሞ ከአንድ ቢሊዮን በታች። ጤፍን፣ ሩዝን፣ ማሽላን ጎን ለጎን ስናነብ ብዙዎቹ ጂኖች በተቀራራቢ ቅደም ተከተል ተደርድረው እናገኛቸዋለን። በዘመዳሞች መካከል ያስተዋለው መመሳሰል ሥሩ እዚህ ድረስ ይወርዳል። የተሳሳተበትም አለ። ገብስና ስንዴ መጀመሪያ የተላመዱት በመካከለኛው ምሥራቅ እንጂ እኛ ዘንድ አይደለም። የእኛ ገበሬ ግን ለሺህ ዓመታት እየመረጠ ሌላ ቦታ የሌለ ሀብት አውጥቶበታል። ካሊፎርኒያ ውስጥ የገብስ ቅጠል እያቢጨ እድገቱን ሲያቀጭጭ የነበረውን ቫይረስ የሚቋቋም ጂን የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ቫቪሎቭ ዘር ለመውሰድ በበቅሎ መጓዝና ፈቃድ መጠየቅ ነበረበት። ዛሬ ግን ፍሬው ከጎተራው ሳይወጣ ፊደሉ ሲያትል ይደርሳል። የጤፍ ጂኖም ከ2014 ጀምሮ ለማንም ክፍት ነው። ክፍት መሆኑን አልጠላም፤ እኔም የምሠራው በዚያ ነው። ግን አንድ የሆላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት ላይ ያወጣውን ፓተንት የሄግ ፍርድ ቤት ውድቅ ያደረገው ገና በ2018 መሆኑን አንርሳ። በ2024 ካሊ፣ ኮሎምቢያ ላይ አገሮች ከዲጂታል የዘር መረጃ የሚያተርፉ ኩባንያዎች የሚያዋጡበት ፈንድ እንዲቋቋም ተስማሙ፤ መዋጮው ግን በፈቃድ ነው።

እኛ ውጭ ያለን ምን እናድርግ? ላቦራቶሪ ውስጥ ያላችሁ፣ የናሙናውን መነሻ እስከ ወረዳው ድረስ ጻፉ፤ ካልተጻፈ ጠይቁ። ጥናት ስታቅዱ አዲስ አበባ በ1976 የተቋቋመውን የዘር ባንክ ባለሙያዎች ከመጀመሪያው አስገቧቸው፤ በመጨረሻ ምስጋና ላይ አትለጥፏቸው። ትንታኔውን እዚያው መሥራት የሚችል ተማሪ በኢንተርኔት አሠልጥኑ። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት ሰዓት መድቤ ጀምሬያለሁ።

ዘር ከልጓም ይስባል ይባል የለ? ያ ዝርዝር ላይ ያለው አምድ እኔን ስቦኛል። እናንተንም እንዲስባችሁ ነው ይህን መጻፌ።