የወይን አትክልተኛውና 532

ቅዱስ ድሜጥሮስ በግብፅ አገር የወይን አትክልት ጠባቂ ነበረ፤ እንደ ትውፊቱም ትምህርት ያልተማረ ሰው ነበረ። የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ዮልያኖስ ሊያርፍ ሲል፣ ያለ ወራቱ ያፈራ የወይን ዘለላ ይዞለት ስለ መጣ ተተኪው እርሱ እንደ ሆነ ታወቀ። በ189 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) 12ኛው ሊቀ ጳጳሳት ሆኖ ተሾመ፤ ከ40 ዓመት በላይም አገለገለ።

ያስጨንቀው የነበረው ነገር፣ ትንሣኤ ከእሑድ፣ የዐቢይ ጾም መግቢያም ከሰኞ እንዳይወጣ ነው። ስለዚህ ለሌሊት 23፣ ለቀን 7 ሱባኤ ያዘ ይባላል። 23 በ7 ሲባዛ 161 ነው፤ በ30 ሲገደፍ 11 ይተርፋል፤ ይህ አበቅቴ ነው። 7 በ7 ሲባዛ 49 ነው፤ በ30 ሲገደፍ 19 ይተርፋል፤ ይህ መጥቅዕ ነው።

ዕለትና ቀን በየ28 ዓመት፣ ፀሐይና ጨረቃ በየ19 ዓመት ወደ መነሻቸው ይመለሳሉ። 28ንና 19ን ከ1 በቀር በጋራ የሚያካፍል ቁጥር ስለሌለ፣ ሁሉም የሚገጥሙት 19 ጊዜ 28፣ ማለት በ532 ዓመት ነው፤ ስሙም ዐቢይ ቀመር ይባላል። ዑደቱን በሙሉ ያደላደሉት ከእርሱ በኋላ የተነሡ ሊቃውንት እንደ ሆኑ የታሪክ ጸሐፊዎች ያስረዳሉ። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ግን ድሜጥሮስን የባሕረ ሐሳብ አባት አድርጋ ጥቅምት 12 ቀን ታስበዋለች።

እኛ የሳጉሬ ተማሪዎች ብዙዎቻችን የገበሬ ልጆች ነን። ሒሳብ ለገበሬ ልጅ አይሆንም የሚል ቢኖር፣ ይህን አትክልተኛ ያስታውስ።