የዋሻ ሥዕሎችን የገለበጡት ካህን

አባ አንሪ ብሮይ እ.ኤ.አ. በ1877 በፈረንሳይ አገር ተወልደው በ1900 ማዕርገ ክህነት ተቀበሉ። ቁምስና ግን አላስተዳደሩም፤ ከአለቆቻቸው ፈቃድ አግኝተው፣ የጥንት ሰዎች በዋሻ የሣሉትን ሲመረምሩ ኖሩ። በመተማ ቆላ ከመንደር መንደር ለምንመላለስ ለእኛ እንግዳ ክህነት ይመስላል።

በ1902 በስፔን አልታሚራ በተባለው ዋሻ፣ በታጨቀ ጆንያ ላይ በጀርባቸው ተንጋለው፣ በሻማ ብርሃን የጣራውን የዱር ከብቶች በወረቀት ገለበጡ። የሥዕሎቹን ጥንታዊነት አስቀድመው የመሰከሩት ዴ ሳውቱኦላ በአጭበርባሪነት ታምተው በ1888 ሞተው ነበር፤ ያለ በደላቸው የጎደፈው ስማቸው የነጻው በዚያው በ1902 ነው።

በ1933 አባ ብሮይ ወደ አገራችን መጥተው፣ በድሬዳዋ አጠገብ በፖርክ ኤፒክ፣ ማለት በጃርት ዋሻ፣ ያሉትን ሥዕሎች ገልብጠው በ1934 አሳተሙ። ግድግዳው ቢደበዝዝ እንኳ ቅጂያቸው ይኖራል። በ1961 በ84 ዓመታቸው ዐረፉ።