በፍርድ የሄደ ሰው፦ የድሬድ ስኮት የአሥራ አንድ ዓመት ሙግት

አባቶቻችን በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች ይሉ ነበር። በቅሎን የሚያህል ንብረት ቢታጣም ዳኛ ፊት ቀርቦ፣ ተሟግቶ፣ ተረትቶ ከሆነ ይቻላል፤ ያለ ዳኛ የተነጠቀች ትንሽ ጭብጦ ግን ታንገበግባለች ለማለት ነው። እኔ ይህን አባባል እወደዋለሁ። ሕግ አክባሪነት እንዲህ ባጭሩ ሲነገር ደስ ይላል። ግን አንድ የሚፈትነው ታሪክ አለ። በፍርድ የሄደው በቅሎ ሳይሆን ሰው ራሱ ከሆነስ? ለዛሬ ይዤላችሁ የመጣሁት እንዲህ ያለ ሰው ታሪክ ነው። ሰውየው ድሬድ ስኮት ይባላል፤ አሜሪካ ውስጥ ባሪያ ነበር። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስኮት የተወለደው በ1799 ገደማ ቨርጂኒያ ውስጥ ነው። ገደማ ያልኩት ለባሪያ ልጅ የልደት ቀን ብሎ የሚመዘግብ ስላልነበረ ነው። ጌታው ፒተር ብሎው ቤተሰቡንና ባሪያዎቹን ይዞ መጀመሪያ ወደ አላባማ፣ በ1830 ደግሞ ሚዙሪ ውስጥ ወዳለችው ወደ ሴንት ሉዊስ ከተማ ተሰደደ። እዚያም ብዙ ሳይቆይ በ1832 ሞተ። በዚያው ሰሞን ስኮት ጆን ኤመርሰን ለሚባል የጦር ሠራዊት ሐኪም ተሸጠ።

ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። የጦር ሐኪም ታዞ የሚዘዋወር ሰው ነው፤ ባሪያውም አብሮት ይዞራል። ኤመርሰን መጀመሪያ የተመደበው ኢሊኖይ ውስጥ ወዳለ የጦር ምሽግ ነበር። ኢሊኖይ በሕገ መንግሥቷ ባርነትን የከለከለች ግዛት ናት። በ1836 ደግሞ ዛሬ ሚኒሶታ ወደምንለው አገር፣ ፎርት ስኔሊንግ ወደሚባለው ምሽግ ተዛወረ። እዚያም ባርነት ክልክል ነበር፤ ኮንግረሱ በ1820 ባወጣው ሕግ በዚያ ሰሜናዊ ምድር ባሪያ ማሳደር እንዳይቻል ደንግጓል። ስኮት ግን ነፃ በተባለ ምድር ላይ ለዓመታት ባሪያ ሆኖ ኖረ።

በፎርት ስኔሊንግ ሃሪየት ሮቢንሰን ከምትባል ሴት ጋር ተዋወቀ። እሷም የሌላ ሰው ባሪያ ነበረች። ያጋባቸው የሃሪየት ጌታ ራሱ ነው፤ ሰውየው የዳኝነት ሥልጣን ስለነበረው ጋብቻው በወጉ ተፈጸመ። ባርነት ባለባቸው ግዛቶች የባሪያ ጋብቻ በሕግ ፊት እንደ ጋብቻ አይቆጠርም ነበርና ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። የመጀመሪያ ልጃቸው ኤላይዛ የተወለደችው በሚሲሲፒ ወንዝ ላይ፣ መርከብ ውስጥ ነው፤ መርከቧ ያኔ ባርነት ከተከለከለበት ምድር ገና አልወጣችም። ሁለተኛዋ ሊዚ ግን ሚዙሪ ከተመለሱ በኋላ ተወለደች።

ኤመርሰን በ1843 ሞተና ቤተሰቡ ለሚስቱ ለአይሪን ተረፈ። አይሪንም እነ ስኮትን ለሰው እያከራየች ኪራያቸውን ትበላ ጀመር። ስኮት ራሱንና ቤተሰቡን በገንዘብ ልግዛ ብሎ ቢጠይቅ እምቢ አለች። ያኔ ነው ወደ ፍርድ ቤት የሄደው። ሚያዝያ 6 ቀን 1846 ባልና ሚስት እየራሳቸው በሴንት ሉዊስ ፍርድ ቤት ክስ መሠረቱ። ስኮት ማንበብም መጻፍም አይችልም፤ ፊርማው በስሙ ቦታ ላይ ያሰመራት የመስቀል ምልክት ነበረች።

አንዳንዱ ሰው ስኮት የማይሆን ነገር የሞከረ ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። በሚዙሪ ሕግ፣ ያለ አግባብ በባርነት ተይዣለሁ የሚል ሰው መክሰስ ይችል ነበር። የግዛቲቱም ፍርድ ቤቶች ነፃ ምድር ወስዶ ያኖሩት ባሪያ ሲመለስም ነፃ ነው እያሉ በተደጋጋሚ ፈርደዋል። በጦር መኮንን ተወስዳ የነበረች አንዲት ሴት በ1836 እንዲሁ ነፃ ወጥታለች። ስኮት የጠየቀው ለሌላው የተፈረደው ለእኔም ይፈረድልኝ ነው።

በ1847 ግን ተረታ። የተረታበት ምክንያት ያስቃልም ያናድዳልም። ባሪያ አድርጋ የያዘቻቸው አይሪን መሆኗን የሚያረጋግጥ በቂ ምስክር አልቀረበም ተባለ። ስለዚህ እነ ስኮት ወዴት ይመለሱ? ወደ አይሪን! ባለቤትነቷ አልተረጋገጠም የተባለችው ሴትዮ ባሪያዎቿን ይዛ ቀረች ማለት ነው። ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ ተፈቀደና በጥር 1850 ነፃ ናቸው ተብሎ ተፈረደላቸው። በሙግቱ ጊዜ እነሱን የማከራየቱ ሥራ ለአካባቢው የፖሊስ ሹም ተሰጥቶ ነበር፤ የሠሩበት ደመወዝ ግን የረታው ይውሰደው ተብሎ ይቀመጥ ነበር።

አይሪን ይግባኝ አለች። በ1852 የሚዙሪ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከሦስት ዳኞች በሁለቱ ድምፅ ፍርዱን ገለበጠው። ሕጉ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ዘመኑ ነው። በሰሜንና በደቡብ መካከል በባርነት ጉዳይ የነበረው ጠብ እየከረረ ሄዶ ስለነበር ዳኞቹ ከእንግዲህ የነፃ ግዛቶችን ሕግ አናከብርም አሉ።

ስኮት አሁንም አልተወም። ኒው ዮርክ የሚኖረው የአይሪን ወንድም ጆን ሳንፎርድ ባለቤቱ እኔ ነኝ ስላለ፣ ተከራካሪዎቹ የሁለት ግዛት ሰዎች ናቸው በሚል በ1853 ክሱ ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ሄደ። እዚያም ተረታ፤ ይግባኙም ዋሽንግተን ደረሰ። ሞንትጎመሪ ብሌር የተባለ ጠበቃ ያለ ክፍያ ቆመለት። ለሙግቱ በገንዘብ የረዱት ደግሞ የድሮ ጌታው የፒተር ብሎው ልጆች ናቸው። አንድ ቤት ውስጥ አብረውት የኖሩ ናቸውና!

ከዘጠኙ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች አምስቱ ባርነት ካለባቸው ግዛቶች የመጡ ነበሩ። በዚያ ላይ ገና ሥልጣን ያልያዘው ተመራጭ ፕሬዚዳንት ቡካናን ከዳኞቹ ጋር በድብቅ ይጻጻፍ ነበር፤ አንዱን የሰሜን ሰው ከደቡቦቹ ጋር እንዲቆምም ገፋፍቶታል። ቡካናን ቃለ መሐላ ከፈጸመ ከሁለት ቀን በኋላ፣ መጋቢት 6 ቀን 1857፣ ፍርዱ በሰባት ለሁለት ተነበበ። እኛ አገር ያኔ ዐፄ ቴዎድሮስ ከነገሡ ገና ሁለት ዓመታቸው ነበር።

ፍርዱን የጻፈው የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ሮጀር ቶኒ ነው። የሚገርመው ቶኒ በወጣትነቱ የራሱን ባሪያዎች ነፃ ያወጣ ሰው ነበር። ፍርዱ ሁለት ትልልቅ ነገር አለ። አንደኛ፣ ከባሪያ የተወለደ ጥቁር ነፃ ቢሆንም ባይሆንም የአሜሪካ ዜጋ ሊሆን አይችልም፤ ዜጋ ካልሆነ ደግሞ እዚህ ፍርድ ቤት መክሰስ አይችልም። ሁለተኛ፣ ባሪያ ንብረት ስለሆነ ኮንግረሱ ባለቤቱን ንብረትህን ወደዚህ ምድር አታምጣ ሊለው አይችልም። ስለዚህ የ1820ው ሕግ ፈረሰ። ዳኛ ቤንጃሚን ከርቲስ እና ዳኛ ጆን ማክሊን ተቃወሙ። ከርቲስ አገሪቱ ስትመሠረት በአምስት ግዛቶች ነፃ ጥቁሮች ድምፅ ይሰጡ እንደነበር በማስረጃ አሳየ፤ በዚያው ዓመትም ሥራውን ለቀቀ።

ከዚያ በኋላ የሆነው እኮ ሌላ ተረት ነው። አይሪን ሁለተኛ ባል አግብታ ነበር፤ ባሏ ካልቪን ቼፊ ደግሞ ባርነትን በመቃወም የታወቀ የኮንግረስ አባል ነው። የአገሪቱ ስመ ጥር ባሪያ የገዛ ሚስቱ ንብረት መሆኑ ሲታወቅ መሳቂያ ሆነ። ቤተሰቡም ለፒተር ብሎው ልጅ ለቴይለር ተላለፈ፤ ቴይለርም ግንቦት 26 ቀን 1857 በሴንት ሉዊስ ፍርድ ቤት ቀርቦ ነፃ አወጣቸው። የተጠራቀመውን ደመወዝ ግን አይሪን ለራሷ ጠየቀች።

ስኮት በአንድ ሆቴል ዕቃ ተሸካሚ ሆኖ ተቀጠረ፤ ሃሪየት ልብስ ታጥብ ነበር። ነፃነቱን ግን አልጠገበውም። መስከረም 17 ቀን 1858 በሳንባ ነቀርሳ ሞተ፤ ነፃ ሰው ሆኖ የኖረው አንድ ዓመት ከአራት ወር እንኳን አይሞላም። ሃሪየት እስከ 1876 ኖራ የባርነትን መጨረሻ አየች።

ቶኒ በፍርዱ ጠቡን አበርዳለሁ ብሎ አስቦ ነበር፤ እሳት ላይ ነዳጅ ሆነ። ፍርዱን አጥብቆ ያወገዘው አብርሃም ሊንከን በ1860 ተመረጠ፤ ቃለ መሐላ ያስፈጸመውም ያው ቶኒ ነው። ከወር በኋላ የእርስ በርስ ጦርነቱ ፈነዳ። ጦርነቱ ሲያበቃ በ1865 ባርነት በሕገ መንግሥት ማሻሻያ ተሻረ። በ1868ቱ ማሻሻያ ደግሞ አሜሪካ ምድር ላይ ተወልዶ በሕጓ ሥር ያለ ሁሉ ዜጋ ነው ተብሎ ተጻፈ። ይህ ዐረፍተ ነገር የተጻፈው በቀጥታ የቶኒን ፍርድ ለማፍረስ ነው። ፎርት ስኔሊንግ ዛሬ የሚኒያፖሊስ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ይገኛል፤ በዚያች ከተማ የተወለዱ የብዙ ወገኖቻችን ልጆች አሜሪካዊ የሆኑትም በዚሁ አንቀጽ ነው።

ወደ አባባሉ ልመለስ። ስኮት በፍርድ የሄደ በቅሎ ነው ወይስ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦ? እንደ እኔ እንደ እኔ፣ አባባሉ እንዲሠራ አንድ ነገር መቅደም አለበት፤ ዳኛው ከፊቱ የቆሙትን ሁለቱንም ሰው ናቸው ብሎ መቀበል አለበት። ቶኒ ስኮትን ተረተሃል ብቻ አላለውም፤ እዚህ መቆም አትችልም ነው ያለው። ለአሥራ አንድ ዓመት በሕግ አምላክ እያለ ለተንከራተተ ሰው ይህ ፍርድ አይባልም። ማኅተም ቢኖረውም፣ ሰባት ዳኛ ቢፈርምበትም፣ ስኮት የሄደው ያለ ፍርድ ነው።